ግማሽ ጆንያ

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ጆንያ ስንዴ መጋዘናችን ገባ፤ አሥራ አንዱ ወጣ።

ልጄ፣ ጤናህን ያብዛልህ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን።

ወገብህ ተሽሎህ ክብደት ማንሳት ልትጀምር መሆኑን እህትህ ነገረችኝ። አልከለክልህም። ግን ብረቱ የሚባለውን ተሸካሚያችንን ታስታውሰዋለህ? እሱም ወገቡን አሞት ከርሞ ባለፈው ሳምንት ተመለሰ። እኛ ዘንድ ከሕመም የተነሳ ተሸካሚ በግማሽ ጆንያ ይጀምራል፤ ሳያመው ከሰነበተ ይጨመርለታል። ጓደኞቹ ግን «ሙሽራው፣ ትራስ ነው እንዴ የተሸከምከው?» እያሉ ሳቁበት። እልህ ያዘውና ሙሉውን አነሳ። አሁን ጫማውን የምታስርለት ሚስቱ ናት።

«ሕመሙ ሲተወኝ የዳንኩ መስሎኝ እኮ ነው፣ እትዬ» አለኝ ትናንት ልጠይቀው ብሄድ።

አንተም ድሮ ታነሳው የነበረውን እርሳው። መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቅ፤ ከቀላሉ ጀምር፤ ሕመሙ ወደ እግርህ ከወረደ ወዲያው አቁም። የሚስቅ ይሳቅ፤ የሚታመመው ወገብ የሱ አይደለም።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ። ሐኪሙ ያለህን አንተው ደውለህ ንገረኝ፤ በእህትህ በኩል አይሁን።

ነገ ጠዋት ብረቱን ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ።