የቀኝ ክንፉ አውጫጭኝ

እንድሬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ፤ ያላንተ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እዚያ ሆነህ የኛ ነገር ይነገርህ እንደሆን አላውቅም። ካልተነገረህ እኔው ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ። ለጎረቤት “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን” ነው የምለው። ላንተ ግን ምን ይደበቃል፣ ሰሞኑን ውሃ ስቀዳ እንኳ ጆሮዬን ወደ መንገዱ ጥዬ ግማሹን አፈሰዋለሁ።

ቤትህ ቆሟል። የጓሮው ቆርቆሮ አምና እንደተበሳሳ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሳፋ እደቅንበታለሁ። ላሟን ሸጥናት። ፓፓያዎችህ ግን ጦርነት መኖሩንም ያወቁ አይመስሉም፣ ቅርንጫፍ ቢኖራቸው ይሰበር ነበር፣ እንዲያ አፈሩ። እኔም ሜዳው ዳር ያችኑ ጥላዬን ዘርግቼ እቸረችራለሁ። መርሳ ደህና መስላ ነበር። ባጃጁ ይጮሃል፣ ገበያው ይቆማል፣ ሰው ልጁን ይድራል። ከዚያ ቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ተጀመረ አሉ። ይኸው የወልድያ ሰው ፍራሹን በአይሱዙ ጭኖ፣ ሕፃኑን አዝሎ፣ በፊታችን ወደ ውርጌሳና ወደ ደሴ ያልፋል። እኛ እናያቸዋለን፣ እነሱም ያዩናል። ነፋሱ ወደኛ ሲዞር የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ለልጆች ነጎድጓድ ነው እንላቸዋለን።

የምጽፍልህ ግን ስለ ኑሩ ነው። ልጅህ አሁንም ቀኝ ክንፍ ነው የሚጫወተው። ገና በጨርቅ ኳስ ሲንከላወስ “ይሄ ልጅ ዳር ዳሩን ይወዳል፣ ቦታው መስመሩ ነው” ያልከው አንተ ነህ። ደጋፊውም ልማዱን አልተወም። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ዋርካው ሥር አውጫጭኝ ይቀመጣል። ከብት ሲሰረቅ አባቶቻችን እንደሚያደርጉት እያንዳንዱ ይምላል፣ ያየውን ይናገራል፣ ሽንፈቱን ያመጣው ሰው ይወጣል። ጥፋተኛ የተባለውም ለተሰበሰበው ሁሉ ፓፓያ ይገዛል። ዳኛው አንተ ሆነህ፣ ጋቢህን ደልድለህ ስትቀመጥ ትዝ ትለኛለህ። ፓፓያው የሚገዛው ከኔ ስለሆነ “ሚስቴ ከባላጋራ ጋር ወግናለች፣ ስንሸነፍ ጥርሷ አይከደንም” እያልክ በሰው ፊት ታሾፍብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

አሁን ቦታህ ላይ የሚቀመጠው ጎሚስታው ያሲን ነው። በክረምቱ ውድድር ከውርጌሳ ልጆች ጋር ተጫወትን። ኑሩ ሁለት ሰው አልፎ፣ መንገዱ ዳር ያለው ማዕዘን ደርሶ፣ ማሻማት ብቻ ነበር የቀረው። ቆመ። ኳሷ እግሩ ሥር ሆና እሱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ቀሙት፣ በዚያው ሄደው አገቡብን። ዘንድሮ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም። እዚያ ማዕዘን በደረሰ ቁጥር እግሩ ይያዛል።

ለምን እንደሚያዝ አንተና እኔ እናውቃለን። ያን ቀን ከተማው ወደ ተራራው ሲሸሽ አንተ እዚያ የታሰረችውን ላም ካልፈታሁ ብለህ ወጥተህ የወደቅኸው እዚያው ማዕዘን ላይ ነው። የት እንደወደቅህ ግን ሰው አላየም። ቤቱ ደጃፍ ነው የወደቀው ይላሉ። ኑሩም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ደጋፊው ሳምንቱን ሙሉ ተከራከረ። ፀጉር አስተካካዩ ከፋለ ጥፋቱ የኑሩ ነው፣ ይውጣ አለ። ያሲን ደግሞ አማካዩ ኳሷን አዘግይቶ እየሰጠው ልጁ ምን ያድርግ ይላል። ሜዳው ጭቃ ነው ያለም አለ። ወልድያ ዛሬ ታድር ይሆን፣ ነገ እኛስ ወዴት እንሂድ የሚል ወሬ ሲነሳ ሁሉም አንገቱን ይደፋና ዞሮ ዞሮ ወደ ኑሩ ይመለሳል። ስለሱ ማውራት አያስፈራማ። እኔን ግን አስፈራኝ እንድሬ። ልጁ ቤት ገብቶ የሚያወጣ የሚያወርደውን የማየው እኔ ነኝ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ አውጫጭኙን ተቀመጡ። ለግንባር ወጣት የሚመዘግበው ሰውዬም ጠመንጃውን ታቅፎ ከዋርካው ጎን ቆሞ ያዳምጣል። ከፋለ ተራው ሲደርስ ማለና ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል እንጂ። ከማዕዘን ባንዲራ የሚሸሽ ልጅ ነገ ይህ ነገር ሲመጣ ለከተማው ምን ይሆናታል፣ ፈሪ ነው በሉት አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ኑሩ ከመሃላቸው ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል። ፈሪ መሆን አለመሆኔን ታያላችሁ፣ ነገ ጠዋት እመዘገባለሁ አለ። ሰውዬው ፈገግ አለ።

ያረቢ፣ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሴት በዚያ ተነስታ አታውቅም። ያሲን ግን ላንተ ሲል “ትናገር” አለ። ይዤ የተነሳሁት እውነቱን ነበር። ትልልቁ ወንድ ሁሉ ሲሸሽ፣ ከባድ መሣሪያው ገና እየወረደ፣ ይሄ ልጅ ብቻውን ወደ ኋላ ተመልሶ አባቱን በጀርባው አምጥቷል ልላቸው ነበር። ግቢ ገብቶም አላወርድም ብሎ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ እንደሆንኩ ልነግራቸው ነበር። ከፋለን ላሳፍረው ነበር።

አፌን ስከፍት ሰውዬውን አየሁት። ገበያ ላይ በሬ እንደሚመርጥ ሰው ልጄን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። ይህን ብነግራቸው ኑሩን ጀግና ብለው ተሸክመው እንደሚሰጡት ያኔ ገባኝ።

“ወላሂ ፈሪ ነው” አልኩ። “ተኩስ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ ነው የወለድኩት። አይረባችሁም፤ ተዉልኝ።”

ሰውዬው ጠመንጃውን አንግቶ፣ ከንፈሩን መጥጦ ሄደ። ከፋለ ጫማ ጫማውን ያያል። ያሲን ፍርድ ሳይሰጥ ተነሳ። ኑሩ አንዴ አየኝና በሜዳው መሃል ጭቃውን እየረገጠ ወደ ቤት ሄደ። ያን ቀን ፓፓያ የገዛ የለም።

ለሐሰት መሐላዬ ጾም ይዣለሁ። ይብቃ አይብቃ የሚያውቀው አላህ ነው። ግን እውነቱን ንገሪኝ ብትለኝ፣ ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምላቸው። ኑሩ ከዚያ ወዲህ ምግብ ቀማምሶ ይተዋል። የሰፈር ልጆች በራፉ ላይ “አልጋ ሥር! አልጋ ሥር!” እያሉ ይሮጣሉ። ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ከራስጌው አስቀምጧል፤ ስጠርግ አየሁት፣ እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ። በሩ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ከወልድያ በኩል ከሚሰማው ይልቅ የምፈራው የገዛ በራችንን ነው።

ዛሬ ቀትር ላይ ወጣና ፊቴ ቆመ።

“እማ” አለኝ፣ “አባቴን ማን ነው ተሸክሞ ያመጣው?”

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፣ ቀና አላልኩም። “አንተ ነህ” ብዬ ብነግረው ልቡ ይመለስለታል፣ ልቡ ሲመለስለት ደግሞ ፌስታሉን አንስቶ ይሄዳል። ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠልኩ። ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔም በሩ ላይ ጀርባዬን ደግፌ ተቀምጬ ይህን እጽፍልሃለሁ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

እንድሬ፣ ለሱ የነፈግኩትን መልስ ላንተ ሰጥቼሃለሁ፤ አደራህን ያዝልኝ። አንተን አልረሳህም፤ በማን ጀርባ ወደ ቤትህ እንደገባህም እስክሞት አልረሳም። ይህ ጊዜ ሲያልፍ እዚያው ዋርካ ሥር ቆሜ፣ ከፋለ እየሰማ፣ አንድም ሳላስቀር እናገራለሁ፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ ልጅህ ይጥላኝ። ብቻ እዚህ ቤት ውስጥ፣ እየተነፈሰ ይጥላኝ።