ጳጉሜን የሰረዘው ደንብ

ለተከበሩ አቶ አምደሚካኤል፣ የኮድ ጥራት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ኮሚቴዎ ደንብ እንከን የማይገኝበት እንዲሆን ከደብረ ማርቆስ እመኛለሁ። እኔ ሥራነሽ የጤና ጣቢያዎችን የቀጠሮ ፕሮግራም ሩቢ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ከሚጽፉት አንዷ ነኝ።

አንደኛ፣ አራቱ ፕሮጀክቶቻችን በየራሳቸው የአጻጻፍ ደንብ መመራታቸውን አስቀርተው ሁሉም ከአንድ የደንብ ፋይል እንዲወርሱ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ዛሬ በኮዳችን ውስጥ በቃላት መሐል የምንተወው ክፍት ቦታ ሳይቀር እኩል ነው።

ሁለተኛ፣ በኮድ መሐል የሚጻፍ ማስታወሻ በላቲን ፊደል ብቻ ይሁን የሚለውን ደንብ ስለጨመሩልን አመሰግናለሁ። አሥራ ሦስተኛው ወር ለምን ለብቻው እንደሚሰላ በአማርኛ ዘጠኝ መስመር ጽፌ ነበር፤ ደንቡን የሚያስፈጽመው ፈታሽ ፕሮግራም ሁሉንም በቀይ አሰመረባቸው። ለእኛ ፕሮጀክት ደንቡ እንዲነሳ ሁለት ጊዜ ብጽፍልዎ ልዩ ሁኔታ እንደማይፈቀድ በትሕትና ገለጹልኝ። ወደ እንግሊዝኛ መመለስ እችል ነበር። እልህ ይዞኝ ሰረዝኳቸው።

በግንቦት የተቀጠረችው ባልደረባችን ትንቢት የጳጉሜን ስሌት ስታየው ትርፍ መሰላት፤ የሚያስረዳት ማስታወሻ ስላልነበረ አጠፋችው። ፈታሹም አረንጓዴ አበራላት።

ሦስተኛ፣ ወይዘሮ እቴናት። የሚጥል በሽታ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ጳጉሜ ሁለት ቀን ከአምበር መጡ። ቀኑ ካርዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ኮምፒውተሩ ግን ቀጠሮውን ወደ መስከረም ሁለት አሻግሮት ስለነበር በቀጠሮዎ ይምጡ ተብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ምድጃ አጠገብ ጣላቸው፤ ቀኝ እጃቸው ተቃጠለ። ልጠይቃቸው ሄድኩ። እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ቀስ ብለው፣ «ቀኑን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። ስህተቱ የእኛ መሆኑን ነገርኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ኮሚቴዎ ጉዳዩን መርምሮ ደንብ እንዳልተጣሰ ስላረጋገጠ፣ ለትንቢትም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለጻፈላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ለመንካት እንኳ እጇ ይፈራል። አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ አቅም አጣሁ።

ማክሰኞ ዕለት ስሌቱንም ዘጠኙንም መስመር መልሼ አስገብቻለሁ፤ ደንቡንም በፕሮጀክታችን ላይ ያለ ፈቃድ አጥፍቻለሁ። ወይዘሮ እቴናት መድኃኒታቸውን ጀምረዋል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን እስካሁን አይታጠፉም።

ለውበት ያለዎት ትጋት እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሥራነሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማስታወሻውን የሰረዝኩት እኔ ነኝና ማስጠንቀቂያው ከትንቢት ስም ወደ እኔ ይዛወር። ስሜን ሲጽፉ ግን፣ ደንብ መጣስ ቢሆንብዎም፣ በአማርኛ ፊደል ይሁንልኝ።