እናትሽን ያሸኘኝ ፈተና

ለምወድሽ ልጄ ሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ቀለል አለሽ? እግርሽስ ማበጡን ተወ? ባለቤትሽና ትልቁ ልጅሽስ ደኅና ናቸው? እኛ፣ እናትሽ በሳቅ ብዛት ጎኔን ወጋኝ ከማለቷ በቀር፣ ምንም አልሆንን፤ ተመስገን።

የሳቁ መነሻ ፊልም ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሲኒማ ጋብዞን ነበር። በፊልሙ የአንድ ከተማ ወንዶችና ሴቶች ተኳርፈው፣ ወንዶቹ ከመንገዱ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ ይሰፍራሉ። ከንቲባው የሸሚዙን ቁልፍ እተክላለሁ ብሎ ከጢሙ ጋር ሰፋው። ሴቶቹ ደግሞ መሰላሉን ፈታተው በእንጨቱ ጣሪያ ሲጠግኑ እዚያው ላይ ቀሩ።

እናትሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን ስንወጣ፣ ወንድን እንዲህ ማቃለል አግባብ አይደለም፣ ሥርዓት ከያዙት ማድ ቤት ምን አለው አልኩ። ምነው አፌን በያዘኝ! መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ ልጄን ላርስ ልሂድ ስልህ ማን ያበላኛል ብለህ የያዝከኝ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ልብስ ሰፊው መሀል ገብቶ ፈረደ፤ ሳምንቱን ማድ ቤቱን እኔ ልያዝ፣ ካለፍኩ እናትሽ ትሂድ፣ ከወደቅኩ ትቅር።

ፈተና ከሆነ ፈተና ነው ብዬ ደንብ አወጣሁ። ፈታኟ እናትሽ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፤ መጠቆም ክልክል ነው። በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርቱ ሲያርር አፏን በመሀረብ አፍና ታየኛለች። ቤቱ ጭስ በጭስ ከሆነ በኋላ ምነው ዝም አልሽ ብላት፣ መጠቆም ክልክል ነው አላልክም ወይ ብላ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። እያደር ግን እጄ ተፍታታ።

በመጨረሻው ቀን ሾርባ ጣድኩ። ልብስ ሰፊው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ሞኝ አትሁን፣ ጨው ደፋ አድርግበትና ሚስትህ ቤቷ ትቀመጥ አለኝ። እናትሽ ጓዳ ነበረች። ጨው የሞላ ማንኪያ ድስቱ ላይ ይዤ ቆምኩ። ያለ እሷ ይህ ቤት እንዴት ጭር እንደሚል አሰብኩ። ቀጥሎ አንቺ ያለ እናት ስታምጪ ታየኝ። ጨዉን ወደ ዕቃው መለስኩት።

እናትሽ ቀመሰች፤ ደገመች። አልፈሃል አለችና ፊቷን አዞረች። ከዚያ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርድልኝ አለችኝ። አወረድኩላት። ሐሙስ እጅሽ ትገባለች።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ማድ ቤት ገባ ይበል፣ አይገድልም። የትልቁን ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። ሆድሽ ላለው እንግዳም ሰላምታዬን ቀስ ብለሽ ንገሪው። አንቺን በሰላም ይገላግልሽ። እናትሽን ግን ሕፃኑ ጠና ሲል መልሺልኝ፤ አደራ።

አባትሽ
ከቤታችን፣ ከማድ ቤቱ ጠረጴዛ
የካቲት ፮ ቀን