ስለ ሁለተኛው ክር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

በዚህ የድሬዳዋ ሙቀት ለእርስዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለቢሮዎ ማቀዝቀዣም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ሳምንት ከክንዴ ላይ ዕባጭ ያወጣችሁልኝ የከዚራዋ ባልቴት ነኝ። ቁስሌ ደርቋል፤ እጃችሁ ይባረክ። ጥቂት ነገር ግን ላመልክት፦

1. ከውጭ ገዝቼ እንድመጣ የተሰጠኝ ዝርዝር ሁለት የመስፊያ ክር ይላል። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ስለሆነ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኛል፤ ዕባጩ ሽምብራ ባያክልም ሁለቱንም ገዛሁ።

2. የደነዘዘው ክንዴ ብቻ ነበርና ሥራ የፈታው ዓይኔ የእሽጎቹን ጽሑፍ ያነብ ነበር። በአንዱ ክር ተሰፋሁ፤ ሁለተኛው ሳይከፈት ቆሻሻ ቅርጫት ገባ። የአገልግሎት ዘመኑ ሊያበቃ ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር፤ ለእኔ እንኳን ይህን ያህል ዋስትና የሰጠኝ የለም። ሲስተር ሱሀይራ ዓይኔን አይተው፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ የገባ ዕቃ ለሌላ ታካሚ እንደማይተላለፍ በትሕትና አስረዱኝ። እኔም አመሰገንኳቸው። ንብረቴ ሲጣል የማመሰግን ጨዋ ነኝ።

3. ስወጣ ከቢዮ አዋሌ የመጣች ዐስሊ የምትባል ሴት በሩ ላይ ተቀምጣለች። የጡቷ ዕብጠት ወጥቶ ሊመረመር ተራዋ ደርሶ ሳለ፣ የያዘችው አንድ ክር ብቻ በመሆኑ ቀጠሮዋ ወደ ፊታችን ማክሰኞ ተዛውሯል። «እናቴ፣ እኔን ስንት ቦታ ሊሰፉኝ ነው?» አለችኝ። የእኔ ክር ከበሩ ወዲያ አምስት እርምጃ ላይ ነበር። «አይዞሽ» ብያት ሄድኩ።

4. ይህ አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። የምድር ባቡር መካኒክ የነበረው ባለቤቴ ኃይለመለኮት በስኳር ሕመም እግሩ ቆስሎ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ፋሻው ሦስት ቀን ሳይቀየር እያየሁ ሠራተኞቹን ላለማስቸገር ዝም አልኩ። አስከሬኑን ስረከብ፣ እንደ እኔ ያለ የማያስቸግር አስታማሚ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ያንን ምስጋና ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜዋለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ላስቸግርዎ፦ ዝርዝሩ በዕባጩ ልክ ይጻፍ፤ ያልተከፈተ ዕቃ ከመጣሉ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ፤ ዐስሊም በያዘችው አንድ ክር ትታከም።

ውድ ጊዜዎን ይህን ለማንበብ ስላባከኑ፣ የተሰፋ ክንዴን በጤነኛው ደግፌ እጅ እነሳለሁ።

ጨዋነቷ ማንንም ያልጠቀመ፣
የሺመቤት ነኝ

ማስታወሻ፦ ምናልባት ይህ ደብዳቤ ሳይነበብ ቢቀር ብዬ ለዐስሊ ሁለተኛውን ክር ገዝቼላታለሁ። ሠራተኞቻችሁ ማክሰኞ የት እንደሚያደርጉት እንዳይቸገሩ እሽጉ ላይ «ለቆሻሻ ቅርጫት» ብዬ ጽፌበታለሁ።