«ሳትበሉ አትቅበሩኝ» ያሉት የመምህርት ኣብርሀት ገብረዝጊ የሕይወት ታሪክ
(1961–2012 ዓ.ም.)

መምህርት ኣብርሀት ከአባታቸው ከአቶ ገብረዝጊ ተድላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣልጋነሽ በኅዳር ወር 1961 ዓ.ም. በመቐለ ከተማ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ተከታትለው አጠናቀቁ። ከዚያም በመምህርነት ሠልጥነው በ1984 ዓ.ም. የአማርኛ መምህርት ሆነው ሥራ ጀመሩ። ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ ድምፃቸው መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። ቤት ሲገቡም ያንኑ ድምፅ አይቀንሱትም ነበር፤ ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ተኽለ ለዚህ ዋና ምስክር ነው።

በ1986 ዓ.ም. በመቐለ አቅራቢያ ባሉት የዓይናለም የውኃ ጉድጓዶች ላይ ከሚሠሩት ከአቶ ስብሓት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው፣ በ1990 ዓ.ም. አንድያ ልጃቸውን ኣሪያምን ወለዱ።

በ2001 ዓ.ም. ሰውነታቸው እየመነመነ፣ ፊታቸውና መዳፋቸው እየጠቆረ ሄደ። ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ጨው እንደ ስኳር ያምራቸው ጀመር። ባልደረቦቻቸው ፀሐይ ነው አሉ፣ ዘመድ ዓይን ነው አለ፣ ጸበልም ተሞከረ። በመጨረሻ ዓይደር ሆስፒታል የመረመሯቸው ዶክተር ሃፍታይ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ሥራ ማቆማቸውን ደረሱበት። እነዚህ ዕጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ሰውነት ሕመምን፣ ድንጋጤንና ሐዘንን የሚቋቋምበት ነው። ያለ እርሱ መኖር ስለማይቻል ዕድሜ ልክ፣ ቀን ሳይዘለል በክኒን መተካት ነበረበት።

በዓመቱ ደግሞ ኣሪያም ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ የስኳር ሕመም ያዛት። እርሷም ጨጓራዋ ሥር ያለው ዕጢ፣ ቆሽቷ፣ የነሣትን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ በየቀኑ በመርፌ የምትወስድ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እናት ክኒናቸውን ሲውጡ ልጅ ታያለች፣ ልጅ መርፌዋን ስትወጋ እናት ያያሉ። ሳይተያዩ የተወሰደ መድኃኒት እንዳልተወሰደ ይቆጠር ነበር።

በ2006 ዓ.ም. አባታችን አቶ ገብረዝጊ ዐረፉ። በአገራችን ልማድ ዋናው ሐዘንተኛ ሬሳ ሳይቀበር እህል አይቀምስም፤ የቀመሰ እንደሆነ ሐዘን ያልነካው ይባላል። መምህርት ኣብርሀትም አባታቸውን ይወዱ ስለነበር እህሉንም ክኒኑንም ተዉት። በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ወደቁ። አንዳንዱ ውኃ ረጨ፣ ሌላው በነጠላ አራገበ፣ አልቃሾችም የባሰ አለቀሱ፤ ሁሉም ሐዘን የጣላቸው መስሎት ነበር። የዚያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ኣሪያም ሰው መሃል ቆማ፣ «ኣደየ፣ እናቴ፣ መድኃኒቷን አልወሰደችም። ይህ ልቅሶ አይደለም፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች። በባጃጅ ዓይደር ደረሱ። ዶክተር ሃፍታይ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሁለት ቀብር ይሆን ነበር አሉን።

መምህርት ኣብርሀት ከሆስፒታል አልጋቸው ሳይነሡ ሐኪማቸውን አንድ ነገር ጠየቋቸው። ይህን ስሕተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው በቪዲዮ ላስተምር አሉ። እንደዳኑም በሚያስተምሩበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዕጢዎቹን በጠመኔ ሣሉ፤ ሐኪሙም በስልካቸው ቀረጿቸው። መምህርት በአማርኛ ያስረዳሉ፣ ዶክተሩ በትግርኛ ይደግማሉ። ከወሎ መጥተው በመቐለ የሚነግዱት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙሀራ የእንቅርት ሕመማቸውን ክኒን በረመዳን ከሱሑር፣ ጎሕ ሳይቀድ ከሚበላው ምግብ፣ አስቀድመው እንዴት እንደሚወስዱ አብረዋቸው ቆመው አሳዩ። የንስሐ አባታቸውም መጥተው መድኃኒት ጾም እንደማይሽር ተናገሩ።

ቪዲዮዎቹ መጀመሪያ በሚሞሪ ካርድ፣ በኋላም በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፉ። ሚኒባስ ውስጥ የማያውቋቸው ሰዎች አንገታቸውን ገልጠው እንቅርታቸውን ያሳዩአቸው ነበር። ክኒኗን ለእኅቷ ያካፈለች አንዲት በሽተኛን ደግሞ ገበያ መሃል እንደ ተማሪ ተቆጥተዋታል። ያቺ ሴት ዛሬ እዚህ ቀብሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

መምህርት ኣብርሀት ባለፈው ጥር መጨረሻ የሳንባ ምች ያዛቸው። ትኩሳት ሲጀምራቸው ራሳቸው እንዳስተማሩት ክኒናቸውን ዕጥፍ አድርገው፣ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ ቢያደርጉም ሳንባቸው ሊያገግም አልቻለም፤ የካቲት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። ጾም ስለገባ መድኃኒት አቁመው ነው የሚባለው ሐሰት ነው። ክኒኑ ገደላቸው የሚለው ወሬም ሐሰት ነው። ይህን የሚያወራ ሰው በኋላ ጸሐፊውን ያናግር።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ኣሪያም እናቷ ካረፉበት ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ መርፌዋንም አልነካችም። አባቷ ለመኗት፣ የንስሐ አባት ለመኗት፣ ዶክተር ሃፍታይም እስከ ዛሬ ከሰዓት ልትወድቅ እንደምትችል ነገሯት። መልሷ አንድ ነው፦ «ኣደየ ሁሉንም በትክክል አደረገች። ምን ጠቀማት?» ትላለች።

የዚህ መልስ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። አባታችን ከተቀበሩ በኋላ መምህርት ኣብርሀት ስድስት ዓመት ኖሩ። ኣሪያም ስትመረቅ ከሁሉም ሰው ቀድመው እልል ያሉት በዚያ ክኒን ነው። ያንን ዕድሜ የሰጠቻቸው ደግሞ በድንኳኑ መሃል ቆማ የተናገረችው ልጃቸው ናት። እኛ አንድ ሰው ቀብረን ዳግመኛ ድንኳን መትከል አንችልም፤ አቅሙም ልቡም የለንም።

መምህርት በመጨረሻው ቪዲዮአቸው ሰሌዳውን ጠርገው ወደ ካሜራው ዞሩና እንዲህ ብለው ነበር፦ «እኔ ስሞት አልቅሱልኝ፤ አልከለክልም። ግን ሳትበሉ፣ መድኃኒታችሁን ሳትወስዱ አትቅበሩኝ።»

መምህርት ኣብርሀት ባለቤታቸውን አቶ ስብሓትን፣ ልጃቸውን ኣሪያምንና ወንድማቸውን ተኽለን ትተው አልፈዋል።

አንባቢው እዚህ ላይ ያቁም። ወይዘሮ ዙሀራ የጾም ምግብ ይዘው፣ ዶክተር ሃፍታይም ኢንሱሊኑን ይዘው ከኣሪያም ጎን ተቀምጠዋል። ቀሳውስቱ ለመጠበቅ ፈቅደዋል። ከሐዘንተኛው መካከል የዛሬ መድኃኒቱን ያልወሰደ ሁሉ አብሯት ይውሰድ፤ እናቷ ማየት ስለማይችሉ ሁላችንም እናያታለን። የሚቀጥለው ቃል የሚነበበው ኣሪያም ከጎረሰች በኋላ ነው።

እኅታችን ኣብርሀት፣ ልጅሽ በልታለች። እግዚአብሔር ነፍስሽን በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፋት።