ምድር ቤት ስላስቀመጧቸው ዘመዶቼ

ለክቡር ዶክተር ዊትኮም ሬይንስ
የሄዘርሊ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት
ቨርጂኒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለኮሌጁ ሣር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ ከወንዙ ማዶ የምንኖር የቦይኪን ቤተሰቦች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆኑት በእርስዎ እጅ ያሉት ብቻ ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ሐውልቱ አመሰግናለሁ። ቅድመ አያቶቻችን ለኮሌጁ ጡብ ሲጠፈጥፉ የመሥራቾቹ ባሮች እንደነበሩ እርስዎም አይክዱም፤ በነሐሱ ላይ ግን «ጉልበታቸውን ለትምህርት የለገሱ» ብለው አስቀረጹልን። በጅራፍ የሚለገስ ልግስና መኖሩን እስከዚያ ቀን አላወቅንም ነበር። በምረቃውም ዕለት የዘጠና አንድ ዓመቷን አክስቴን ዜልማን ከጎንዎ አስቀምጠው ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ልትናገር ብድግ ስትል ግን ሰዓት አለቀ ተባለች።

ሁለተኛ፣ ልትናገር የነበረውን ያውቁታል፤ ደጅዎ ድረስ እየመጣች ነግራዎታለችና። ከጸሎት ቤቱ ኋላ ያለው ሜዳ የባሮቹ መቃብር ነው፤ የአክስቴ ቅድመ አያት ፊሊስም እዚያ ተቀብራለች። እርስዎ ግን ለተማሪዎች መዋኛ የሚቆፍር መኪና አስገቡበት። አክስቴም ተጣጣፊ ወንበሯን ተሸክማ ሄደች፤ ከመኪናው ፊት ዘርግታ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይነሡልኝ እንጂ፤ ከሥራዬ ያስባርሩኛል» አላት ጥበቃው።

«እኔንስ አስነሣኸኝ እንበል፣ ልጄ፤ ከሥሬ የተኙትን ማን ሊያስነሣልህ ነው?»

ጥበቃው ቆቡን አውልቆ ወደ ኋላ አለ። እርስዎ ግን፣ እንደ ተማረ ሰው፣ ፖሊስ ጠሩ፤ አክስቴም የሰው ይዞታ በመድፈር ተከሰሰች። ፊሊስ ራሷ ይዞታ ነበረች፤ የልጅ ልጅ ልጇ ይዞታ ደፋሪ ለመሆን በቃች። ይህን ያህል እድገት ስላሳዩን ቤተሰቡ በሙሉ እጅ ይነሣል።

ሦስተኛ፣ መኪናው አክስቴ ያለችውን አጥንት ሲያወጣ መደንገጥዎን በቴሌቪዥን አይቼ አዘንኩልዎ። አጥንቶቹ በካርቶን ታሽገው ሳይንስ ሕንጻው ምድር ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። በቤተ ክርስቲያናችን እንቅበራቸው ብንል ጠበቃዎ «መጀመሪያ የሥጋ ዝምድናችሁን በማስረጃ አረጋግጡ» አሉን። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ክቡራን ልጅን ከእናቱ ጡት ነጥለው ሲሸጡ ለዝምድና ይህን ያህል ቢጠነቀቁ ኖሮ ዛሬ ባላስቸገርንዎ ነበር። አክስቴ የጠበቃውን ቃል ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ስትስቅ አላየኋትም።

«ኮርዲ፣ ፊሊስን ሳልቀብራት ልሞት ነው እኮ» ትለኝ ነበር።

እንዳለችውም ሆነ። ባለፈው ሳምንት ቀበርናት።

እንግዲህ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሣጥን ይዘን፣ ምእመኑ ሁሉ እየዘመረ ሳይንስ ሕንጻው ደጃፍ እንመጣለን። በሩን ከከፈቱልን ዘመዶቻችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ካልከፈቱልን እንደ አክስቴ እንቀመጣለን፤ ወንበር ስለምንይዝ እንዳያስቡ።

ደግነትዎን ለመግለጽ ጨዋ ቃል ያጠራት፣ ጠበቃዎ ዘመድነቷን እስኪያረጋግጡላት የምትጠባበቅ፣ ትሑት አገልጋይዎ ለመሆን ግን ፈጽሞ የማትስማማ፣

ኮርዴሊያ ቦይኪን

ማስታወሻ፦ ለአክስቴ ቀብር የላኩት የአበባ ጉንጉን ደርሶናል። ሪባኑ ላይ «ለኮሌጃችን ስለሰጡት የታመነ አገልግሎት» የሚል ተጽፎበታል። ዜልማ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ፖስታ ቤት ነው፤ ለእናንተ አንድ ቀን እንኳ አላገለገለችም። ከአድራሻ ስሕተት በቀር ነውር ስለሌለበት ጉንጉኑን መልሰናል፤ ምድር ቤት ያድርሱልን።