ጀት የሚያርፍበት ሜዳ

ኅዳር 6 ቀን 2008፣ ሰኞ

የአብራሪነት ፈቃዴ ሊያበቃ አርባ ቀን ቀረው።

ጠዋት ለመንጃ ፈቃድ ተማሪዎች ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ አስተማርኩ። ሠላሳ ሁለት ሰው። አንዱ ፍሬን በየትኛው እግር እንደሚያዝ ጠየቀ፤ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውሮፕላን ያበረርኩ ሰው መሆኔን ለአንተ ለደብተሩ ብቻ ነው የምናገረው። እነሱ አያምኑም። ቢያምኑም ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ ይሉኛል።

የነበርኩበት ድርጅት ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው። በዚህ አርባ ቀን ቀጥሮ ወደ ማደሻ ሥልጠና የሚልከኝ ካላገኘሁ ፈቃዱ ወደቀ ማለት ነው። በአርባ ስምንት ዓመቱ ከሀ የሚጀምር አብራሪ የለም።

9 ሰ. ስልክ። አቶ ምትኩ። የዚሁ ከተማችን የቆሰበር ልጅ፣ አ.አ. በሲሚንቶ ንግድ የከበረ። የግል ጀት ገዝቷል፤ የቻርተር በረራ ድርጅት ሊከፍት ነው። ቃለ መጠይቅ ሐሙስ 3 ሰ.፣ እዚሁ ሆቴል። ለምን አ.አ. እንዳልሆነ ልጠይቅ ስል ኔትወርኩ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ አልደወልኩም። የፈለገበት ይጠይቀኝ።

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ

ሱፉ ሆዴ ላይ አይቆለፍም። ክፍት ይሆናል።

የምኖረው ታናሽ እህቴ እማዋይሽ ግቢ ነው። ጉባኤዋ ስሜን ይዞ የሦስት ቀን ጸሎት ጀምሯል። ጌታ የበረራ ሰዓት አይቆጥርም አልኳት። ሳህኑን አንስታ ወጣች። ከደጅ ሆና፣ “እኛ ግን እንጸልያለን፣ አያ” አለች። ይጸልዩ። ሥራ ያለው ሰው እዚያ ጉባኤ ውስጥ ሦስት አይሞላም።

የጀቱን ዓይነት ፈልጌ አነበብኩ። ክብደት፣ ነዳጅ፣ የማረፊያ ርዝመት። ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ።  

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ተጠየቅሁ።

ጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰው። አቶ ምትኩ። የእህቱ ልጅ ሄኖክ፣ “የኦፕሬሽን ኃላፊ”፤ ቤት ውስጥ የፀሐይ መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። አውሮፕላን የሚያውቀው ከመስኮት ዳር ወንበር ነው። ሦስተኛው ጋሽ ጥሩነህ፣ አገር ያወቀው ፈረሰኛ፤ አለንጋውን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሏል። ጀት ለማብረር ፈረሰኛ ይጠይቀኛል።

ሞተር ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ፣ በጉም እንዴት ትወርዳለህ፣ ይሉኛል እያልኩ ነበር የገባሁት። የመጀመሪያው ጥያቄ የጋሽ ጥሩነህ፦ የማን ልጅ ነህ። እስከ ቅድመ አያቴ ቆጠርኩ። አክስታቸው ለአያቴ ወገን ተድረው ኖሯል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ፈተና አለፍኩ። ሁለተኛው፦ ፈረስ ትጋልባለህ። በልጅነቴ፣ አልኳቸው። “በልጅነትማ ማን የማይጋልብ አለ?” ብለው ሳቁ። ሄኖክ ደንብ ልብስ ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ እንዳለኝ ጠየቀ። ለፌስቡክ።

የበረራ መዝገቤን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ማንም አልገለጠውም። አስተናጋጁ ማኪያቶ አሳረፈበት።

ከዚያ ዋናው ጉዳይ። በጥር ለፈረስ በዓል አቶ ምትኩ እንግዶቹን ከአ.አ. በጀት ያመጣል። ባሕር ዳር አውርዶ በመኪና ማምጣት ውርደት ነው ይላል። ጀቱ ዳንግላ ዳር ባለው የግጦሽ ሜዳ ይረፍ። ጋሽ ጥሩነህ ለክተውታል። ፈረሳቸው ከዳር እስከ ዳር ሲጋልብ ሁለት አባታችን ሆይ ተደግሞ ያልቃል።

በሜትር ስንት ነው አልኩ። ተያዩ። ጋሽ ጥሩነህ ለአቶ ምትኩ በአዊኛ፣ ይኸ ልጅ ከተማ ፈዞ ቀርቷል አሉት። እንደምሰማ እያወቁ። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ “መቶ ፈረስ የሚጋልብበት ሜዳ ለአንድ አውሮፕላን ምን ያንሰዋል?”

ቀጠሩኝ። ሥልጠናው ውጭ አገር፣ ታኅሣሥ 5 ይጀምራል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ሜዳውን አይቼ፣ ለማረፊያ ብቁ ነው የሚል ደብዳቤ በስሜና በፈቃድ ቁጥሬ። “አንተ ነህ ባለሙያው” አለ ሄኖክ።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

በሚኒባስ ዳንግላ። ሜዳው አረንጓዴ፣ ለስላሳ። ጃንጥላዬን ብሰካው ያለ ጉልበት ገባ። ላሞች። ወዲያ ጫፍ ሰው ሁሉ ለከሰል የተከለው የዲከረንስ ዛፍ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ስስ አየር፣ ያ ጀት ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ አስፋልት ይፈልጋል። ገና ስገባ አውቄዋለሁ። ቢሆንም እስከ ዳር በእርምጃ ቆጠርኩ። ዘጠኝ መቶ ሜትር ቢሆን ነው።

ጋሽ ጥሩነህ በፈረስ መጡ። ሊያሳዩኝ ጋለቡ። አባታችን ሆይን ጮክ ብለው እየደገሙ፣ ጋቢያቸው እየተውለበለበ። ተመልሰው፣ “ሁለት አልሞላም!” አሉኝ፤ ላብ በላብ ናቸው። ሽማግሌው የሚያምኑትን ነው የሚናገሩት። ከዚያ ስብስብ ያልናቅኩት ፈረሱን ብቻ ነው።

ለሄኖክ ደወልኩ። ዘጠኝ መቶ አልኩት። 1,800 ብለህ ጻፈው፣ እስከ ጥር እናስረዝመዋለን አለ። ከብቱና ደኑስ? ዞኑን እናናግራለን።

ሚኒባስ ውስጥ አሰብኩበት። የማበርረው እኔ ነኝ። ዕለቱ ሲደርስ ነፋሱ አልተመቸም ብዬ ባሕር ዳር አሳርፋለሁ። ደብዳቤው ወረቀት ነው። ጥሩ ውሸት ነው፤ ማንንም አይገድልም።

ኅዳር 12፣ እሑድ

ከተማው ቆሻሻውን እያቃጠለ በሽታ አባረርኩ ይላል። ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። እማዋይሽ ጉባኤ ፊት ቆማ ምስጋና አቀረበች፤ ገና ያልፈረምኩበትን። ባጃጅ ነጂዎቹ ሰምተዋል። “ካፒቴን፣ እኛንስ መቼ ነው የምትጭነን?” አለ አንዱ። ክብደትህ አይፈቅድም አልኩት። ሳቁ። ወገቤን ቀጥ አድርጌ መሄድ መጀመሬን ያወቅሁት ቤት ስደርስ ነው። አንድ ቃል በቅቶኛል። ርካሽ ሰው ነኝ።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ለመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ባለቤት ልለቅ ነው አልኩት። የዕለቱን ክፍል ለሌላ ሰጠው፤ እጁን እንኳ አልዘረጋም።

ሄኖክ ደወለ። ደብዳቤው ነገ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ሥልጠናዬ ለካ እስከ የካቲት ነው። በጥር ማን ያበርራል አልኩት። ከውጭ የተከራየ አብራሪ። ሜዳውን አይቶታል? “ምን ያያል? የሚያየው ያንተን ወረቀት ነው።”

እንግዲህ ነፋስ አልተመቸም የሚለው ሌላ ሰው ነው፤ ሜዳውን የማያውቅ ሰው። ቢሆንም ደኑን ከላይ ያያል። ዓይን አለው። አብራሪ አይደለም እንዴ? ይህን ስጽፍ ደብተሩን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩ። ነገ አጽፈዋለሁ። ሠላሳ ሦስት ቀን ቀርቶኛል።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ

መናኸሪያው አጠገብ ያለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት። ጸሐፊዋ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት፣ ፈጣን ናት። ቀኑን፣ ጉዳዩን፣ የፈቃድ ቁጥሬን ነገርኳት። ድምፄ እንደ ሬዲዮ ግንኙነት ጥርት ያለ ነው። ሜዳው ርዝመቱ 1,800 ሜትር፣ መሬቱ ደረቅና ጠንካራ፣ አልኩ።

ጣቷ ቆመ።

“ጋሼ፣ የዳንግላው ሜዳ ነው? ፈረስ የሚጋለብበት?”

አዎ፣ ጻፊ።

ዳንግላ ነው ያደገችው። ት/ቤት ሳለች የስፖርት መምህራቸው እዚያ ያስሮጧቸው ነበር። ደርሶ መልሱ ነው 1,800 የሚሆነው አለችኝ፤ ሜትር ጎትተው ለክተውላቸዋል። ስትናገር ፈገግ ትላለች። ልትረዳኝ ነው። ሰው በስህተት የወረዳ ስም ሲያዛንፍ እንደምታስተካክለው።

“ደርሶ መልስ ብዬ ልጻፈው?”

ለሳምንት በዚህ ከተማ አንድ የሚያውቅ ሰው የለም ስል ነበር። ማያው ላይ ስሜ፣ ከሥሩ የፈቃድ ቁጥሬ፣ ከዚያ ቁጥሩ። አውሮፕላን ሜዳ ጫፍ ላይ ዞሮ አይመለስም ልላት አልኩ። ብላት፣ ታዲያ ለምን 1,800 አሉ እንደምትለኝ አውቃለሁ።

“ወይስ እንዳለ ይሁን?”

ከወንበሩ ተነሣሁ።

“ጋሼ፣ አልታተመም እኮ” አለች።

ሳላሳትመው ወጣሁ።